ከዳታቤዝ ወይስ ከፋይል? ዳታ የመጫን ፍጥነትን በትክክል ለመለካት

አንድን ሠንጠረዥ አንዴ ከሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ ከተለዩበት የጽሑፍ) ፋይል፣ አንዴ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ አንብቦ፣ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ፋይሉ ይፈጥናል» ብሎ መደምደም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ችግሩ ያ ቁጥር ስለ ፋይሉም ስለ ዳታቤዙም ምንም ላይናገር ይችላል። ፋይሉ ቅድም ተነብቦ ራም ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዳታቤዙ የራሱን ሥራ ቶሎ ጨርሶ ቀሪው ጊዜ ፓይተን ውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የተለካው የዋይፋዩ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ «መጫን» የሚለውን ቃል እንነጣጥለው። ዳታው ከተኛበት ተነሥቶ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን አራት ነገር ይደረጋል። ባይቱ ከዲስክ ይነሣል፤ ጽሑፍ ከሆነ ወደ ቁጥርና ቀን ይፈታል፤ ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ በኔትወርክ ይጓዛል፤ በመጨረሻ በፕሮግራሙ ራም ውስጥ ሠንጠረዥ ሆኖ ይገነባል። ዳታቤዝና ፋይል የሚለያዩት ከአራቱ በየትኛው ላይ ጊዜ እንደሚያጠፉ ነው። አራቱን ለየብቻ ያልለካ ሰው የቱን ማሻሻል እንዳለበት ሳያውቅ ወይ ሰርቨር ይገዛል፣ ወይ ኮዱን እንደገና ይጽፋል። እዚህ የተገለጸው ዘዴ ለፖስትግሬስ፣ ለፓይተንና ለፓንዳስ (ለፓይተን የሠንጠረዥ ላይብረሪ) ነው። ማይኤስኪውኤል ለሚጠቀም ትእዛዞቹ ይለወጣሉ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

የመፈተኛውን ዳታ ማዘጋጀት

10 ሚሊዮን ረድፍ ይበቃል። በ1000 ረድፍ የሚደረግ ሙከራ ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት ለመክፈት የሚወስደውን ጊዜ ከመለካት አያልፍም። አምስት ዓምድ ይኑረው፦ መለያ ቁጥር፣ የሽያጭ ቀን፣ የቅርንጫፍ ከተማ በአማርኛ፣ ስልክ ቁጥር፣ የብር መጠን። ፖስትግሬስ ውስጥ ጀነሬት ሲሪስ የሚባለው ፋንክሽን ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ቁጥር ያመነጫል፤ ሌሎቹን ዓምዶች ከዚያ ላይ በዘፈቀደ መሙላት ይቻላል። ከተሞቹን ከአምስት ስድስት ስም ዝርዝር ምረጡ።

ሠንጠረዡ እንደሞላ ቫክዩም አናላይዝ እዘዙ። ይህን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። ፖስትግሬስ አዲስ የገባ ረድፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ ረድፉን ያስገባው ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ የሥራ ጥቅል) መጽደቁን እያጣራ ምልክት ያደርግበታል፤ ንባብ የመሰለው ሥራ ወደ ዲስክ መጻፍም ይሆናል። ቫክዩም ይህን አስቀድሞ ይጨርሰዋል። አለዚያ የመጀመሪያው ልኬት ያለ ጥፋቱ ዳታቤዙን ያዘገየዋል።

ከዚያ ያንኑ ሠንጠረዥ በኮፒ ትእዛዝ ወደ ሲኤስቪ አውጡ፤ ሲኤስቪውንም ወደ ፓርኬ (ዳታን ዓምድ በዓምድ ወደሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ቀይሩ። ሦስቱም አንድ ዳታ መሆናቸውን የምታረጋግጡበት መንገድ መጨረሻ ላይ አለ። በመካከል ኤክሴልን አታስገቡ። ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ተራ ሲኤስቪ ብሎ ሲያስቀምጥ የአማርኛውን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል፤ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ሲያስቀምጥ ደግሞ ፋይሉ መግቢያ ላይ የማትታይ የ3 ባይት ምልክት ያኖራል፤ እሷም አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ትጣበቃለች።

አሁን መጠናቸውን ተመልከቱ። ሲኤስቪው 520 ሜጋ ባይት ግድም ይመጣል። የፖስትግሬሱ ሠንጠረዥ ከእርሱ ገዝፎ ብታገኙት ትክክል ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ረድፍ 24 ባይት መግቢያ፣ በገጹ ላይ ደግሞ 4 ባይት ጠቋሚ ይይዛል። 28 ባይት በ10 ሚሊዮን ሲባዛ ዳታው ሳይቆጠር 280 ሜጋ ባይት ነው። ብዙ ሰዎች ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ረድፎቹ እንዳይምታቱ የሚጠብቀው ይህ መግቢያ ስለሆነ ከንቱ ወጪ አይደለም፤ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ለሚያነብ ግን ጭነት ነው።

ለአማርኛ ዳታ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አዲስ አበባ» ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 19 ባይት። በላቲን ፊደል ቢጻፍ 11 ባይት ነበር። 10 ሚሊዮን ረድፍ ላይ ይህ ስም ብቻውን ቢደጋገም 190 ሜጋ ባይት ነው። በሲኤስቪም በፖስትግሬስም ስሙ በየረድፉ እየተደገመ ይጻፋል። ፓርኬ ግን የተለያዩትን ስሞች በትንሽ መዝገብ ይይዝና በየረድፉ የሚጽፈው የስሙን ተራ ቁጥር ነው። ከተማ፣ ክልል፣ የትምህርት ደረጃ፣ የክፍያ ዓይነት የመሳሰሉ ተደጋጋሚ የአማርኛ ዓምዶች የበዙበት ዳታ ወደ ፓርኬ ሲቀየር እጅግ የሚያንሰው ለዚህ ነው። በዳታቤዝ በኩል ያለው አቻ መፍትሔ የከተማዎቹን ስም በሌላ ሠንጠረዥ አስቀምጦ ዋናው ላይ ቁጥሩን ብቻ መያዝ ነው።

ቀዝቃዛ ንባብና የሞቀ ንባብ

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንዴ ያነበበውን ፋይል ራም እስከበቃው ድረስ ይዞ ያቆየዋል። ሁለተኛው ንባብ ዲስኩን አይነካም፤ ከዲስክ የሚነሣው ቀዝቃዛ፣ ከዚህ የራም ማቆያ (ካሽ) የሚነሣው የሞቀ ይባላል። አንዱን ቀዝቃዛ፣ ሌላውን የሞቀ ለክቶ ማወዳደር በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ቀዝቃዛ ለመለካት ሊኑክስ ላይ ሩት ሆናችሁ መጀመሪያ ሲንክ እዘዙ፤ ቀጥሎ ፕሮክ ውስጥ፣ ሲስ ውስጥ፣ ቪኤም ማህደር ሥር ያለው ድሮፕ ካሽስ የሚባል ፋይል ላይ 3 ቁጥርን ጻፉ። ማክ ላይ ፐርጅ የሚለው ትእዛዝ ይህንኑ ይሠራል። ለዳታቤዙ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፖስትግሬስ ሼርድ በፈርስ የሚባል የራሱ ማቆያ ስላለው ካሹን ከማጽዳታችሁ በፊት አገልግሎቱን አቁሙት፣ ካጸዳችሁ በኋላ አስነሡት። ያ ማቆያ ካልተነካ 128 ሜጋ ባይት ነው። ሠንጠረዡ ከማቆያው ሩብ በላይ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ንባብ በማቆያው ትንሽ ክፍል (ቀለበት) ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ ሌላው የተቀመጠ ዳታ ተገፍቶ እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ የእኛ ሠንጠረዥ ሲሞቅ የሚሞቀው በአብዛኛው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካሽ ነው። ማቆያውን አሳድጎ «ለውጥ አላመጣም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጠመው ይህ ነው።

የትኛውን መለካት ይሻላል? ሁለቱንም፣ ግን ለየብቻ መዝግቡ። በቀን አንዴ ሌሊት ለሚሠራ ሥራ እውነቱ ቀዝቃዛው ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚከፈት ሪፖርት የሞቀው።

በየዓይነቱ ሰባት ጊዜ ለኩና መካከለኛውን ቁጥር ውሰዱ፤ አማካይ አትውሰዱ፤ አንድ ክፉ ልኬት አማካዩን ይጎትተዋል። ሰባቱን የፋይል፣ ቀጥሎ ሰባቱን የዳታቤዝ ከመለካት ይልቅ እያፈራረቁ መለካት ይሻላል፤ ላፕቶፕ እየጋለ ሲሄድ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ኋላ የተለካው ይጎዳል። ቻርጀሩ ይሰካ። መብራት ሄዶ በባትሪ የተወሰደ ልኬት ይጣል።

ሰዓቱ የት ይጀምር፣ የት ይቁም

ፓይተን ውስጥ ፐርፍ ካውንተርን ተጠቀሙ፤ የግድግዳ ሰዓት የሚሰጠው ፋንክሽን ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሲያስተካክል ይዘላል። ሰዓቱ የሚቆመው «ተነበበ» የሚል መስመር ሲመጣ ሳይሆን የብር መጠኑ ዓምድ ተደምሮ ውጤቱ ሲወጣ ነው። ምክንያቱም ብዙ መሣሪያዎች ካልተጠየቁ አያነቡም። የፖላርስ ስካን፣ የዳክዲቢ ኩዌሪ፣ የጃንጎ ኩዌሪሴት ሁሉም ዳታውን ሳይነኩ በቅጽበት ይመለሳሉ። ድምሩ እውነተኛ ንባብ እንዲደረግ ያስገድዳል። ሁሉም ዓምድ መነበቡን ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በየዓምዱ አንድ ስሌት ጨምሩ፤ ፓርኬ የአንድ ዓምድ ድምር ሲጠየቅ ሌሎቹን አራት ዓምዶች ከነጭራሹ ላያነብ ይችላል።

የዳታቤዙን ጊዜ መነጣጠል

አምስት ልኬት ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ካለፈው ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይጨምራል።

1. ኩዌሪውን (ሙሉ ሠንጠረዡን የሚጠይቀውን ትእዛዝ) በኤክስፕሌይን አናላይዝ አስኪዱ፤ የታይሚንግ ምርጫውን አጥፉት፣ በየረድፉ ሰዓት ማየቱ ራሱ ያዘገያል። ይህ ሰርቨሩ ረድፎቹን ፈልጎ ለማግኘት የወሰደው ጊዜ ነው። ረድፎቹ ግን ወደ እናንተ አልተላኩም፤ ወደ ጽሑፍም አልተቀየሩም። ከፖስትግሬስ 17 ጀምሮ ሲሪያላይዝ የሚል ምርጫ ገብቶ የቅየራውን ዋጋም ያሳያል።

2. እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ሠንጠረዡን በኮፒ አውጥታችሁ ወደ ዴቭ ነል (የተላከለትን ሁሉ ወደሚጥለው ባዶ ፋይል) ጣሉት። ከ1ኛው ጋር ያለው ልዩነት ወደ ጽሑፍ የመቀየር ዋጋ ነው።

3. ያንኑ ከራሳችሁ ኮምፒውተር አድርጉ። የጨመረው ኔትወርክ ነው።

4. ፓይተን ውስጥ በሳይኮፒጂ (ፓይተንን ከፖስትግሬስ በሚያገናኘው ላይብረሪ) ሁሉንም ረድፍ ፌች ኦል አድርጉ፤ ሠንጠረዥ አትገንቡ። የጨመረው የፓይተን ኦብጀክት መፍጠሪያ ነው።

5. የፓንዳስን ሪድ ኤስኪውኤል አስኪዱ።

ሦስተኛውን በወረቀት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢበዛ 12.5 ሜጋ ባይት ያሳልፋል፤ 520 ሜጋ ባይት በእርሱ 42 ሰከንድ ግድም ይፈጃል። ጊጋ ቢት በሆነ መስመር 4 ሰከንድ ግድም። በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት በሚያነብ ኤስኤስዲ ላይ ያለ ፋይል ደግሞ በአንድ ሰከንድ ይነሣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ፋይሉ ያሸነፈው ፋይል ስለሆነ ሳይሆን እዚያው አጠገብ ስለነበረ ነው። ሚዛናዊ ውድድር ከተፈለገ ወይ ፋይሉም በኔትወርክ ይምጣ፣ ወይ ዳታቤዙም እዚያው ማሽን ላይ ይሁን።

አራተኛው ላይ ብዙዎች ይገረማሉ። 10 ሚሊዮን ረድፍ በአምስት ዓምድ እስከ 50 ሚሊዮን የፓይተን ኦብጀክት ማለት ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር ፓይተን ውስጥ 28 ባይትና የ8 ባይት ጠቋሚ ይወስዳል፤ ፓንዳስ ውስጥ ግን 8 ባይት ብቻ። ተፈጥሮ፣ ተቀይሮ፣ የሚጣል የኦብጀክት ክምር ነው ጊዜውን የሚበላው። የብር መጠኑ ኑሜሪክ (ትክክለኛ አስርዮሽ የሚይዝ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ዋጋ መጀመሪያ ዴሲማል ኦብጀክት ሆኖ ይመጣና እንደገና ወደ ፍሎት (ወደ ግምታዊ አስርዮሽ) ይቀየራል። ለንጽጽሩ ሲባል ኩዌሪው ውስጥ ወደ ደብል ፕሪሲዥን ቀይራችሁ አምጡት። ለሒሳብ መዝገብ ግን ኑሜሪኩ ይቆይ።

እዚህ ጋ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ተራው የሳይኮፒጂ 2 ከርሰር (ኩዌሪ መላኪያና ውጤት መቀበያው) ኤግዚኪውት ሲባል ውጤቱን በሙሉ ከሰርቨሩ ያመጣል። ስለዚህ ፌች ኦልን ብቻ የለካ ሰው ዳታቤዙ እጅግ ፈጣን ይመስለዋል። ፓንዳስ ላይ ቻንክ ሳይዝ መስጠትም ብቻውን ራም አይቆጥብም፤ ሙሉው ውጤት አስቀድሞ መጥቷል። በእርግጥ በቁራጭ እንዲመጣ ሰርቨር ላይ የሚቆይ ስም ያለው ከርሰር፣ ወይም በኤስኪውኤል አልኬሚ ስትሪም ሪዘልትስ ያስፈልጋል። ስም ባለው ከርሰር ላይ በየረድፉ ስትዞሩ በአንድ ጊዜ የሚመጣው 2000 ረድፍ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ሆኖ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ 5000 ምልልስ 500 ሰከንድ ነው፤ ከስምንት ደቂቃ በላይ። ቁጥሩን ወደ 50,000 ስታሳድጉት ምልልሱ 200፣ ጊዜው 20 ሰከንድ ይሆናል። አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ያለ ክላውድ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህች አንዲት ቁጥር ከኢንዴክስ (ረድፍን ቶሎ ከሚያስገኝ ማውጫ) ሁሉ ልትበልጥ ትችላለች።

አራተኛውና አምስተኛው ካበጡ መፍትሔው ኦብጀክቱን መዝለል ነው። በኮፒ ወደ ሲኤስቪ አውጥቶ በፓንዳስ ማንበብ ጠማማ መንገድ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ከሪድ ኤስኪውኤል ይፈጥናል። ኮኔክተር ኤክስ ወይም ኤዲቢሲ ደግሞ ዳታውን በዓምድ መልክ ቀጥታ ያደርሱታል፤ ፓንዳስ ከ2.2 ጀምሮ ኤዲቢሲን ይቀበላል።

የሲኤስቪውን ጊዜ መነጣጠል

መጀመሪያ ፋይሉን በካት ወደ ዴቭ ነል አፍስሱት፤ ያ የዲስኩ ዋጋ ነው። ቀጥሎ በፓንዳስ የዓምዶቹን ዓይነት ሰጥታችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ሳትሰጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የግምት ዋጋ ነው። ሲኤስቪ ስለ ራሱ ምንም አይናገርም፤ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አንባቢው ገምቶ ነው የሚያውቀው። ግምቱ ጊዜ ከመውሰዱም በላይ ይሳሳታል፦ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር እንደ ቁጥር ይነበብና መነሻው ዜሮ ይጠፋል። ስልኩን ጽሑፍ፣ ከተማውን ካቴጎሪ ብላችሁ ስጡ። ኢንጂኑን ወደ ፓይአሮው መቀየር ደግሞ ንባቡን በበርካታ ኮር ያካፍለዋል።

ቀኑ የራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሞላ ቀን በቁጥር ሲጻፍ የፈረንጁን ይመስላል። ጥቅምት 30 ቀን 2016 «2016-02-30» ተብሎ ይገባል፤ ፓንዳስ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል የፈረንጅ ቀን ስለማያውቅ ቀን አድርጉ የተባለውን ዓምድ በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። 10 ሚሊዮን ጽሑፍ ራም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጣሪያ ሁሉ ይዘገያል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና እንዲሁ ታደርጋለች። ፖስትግሬስ በበኩሉ የቀን ዓምድ ላይ ይህን አይቀበልም፤ ኮፒው እዚያ መስመር ላይ ይቆማል። ይህ ፋይሉ በዝምታ ከሚያሳልፈው ይሻላል፤ ስሕተቱ ገና በር ላይ ተያዘ። የሚያሳስበው ዝም ብለው የሚያልፉት ናቸው፤ «2016-06-30» የኢትዮጵያ የካቲት 30 ሆኖ ሳለ የፈረንጅ ጁን 30 ተብሎ ይገባል። መውጫው የቀን ዓምዱ ውስጥ የጎርጎርዮሱን ማስቀመጥ፣ የኢትዮጵያውን ለተጠቃሚው በሚታይበት ጊዜ መቀየር ነው።

ሙሉውን ወይስ ቁራጩን?

እስካሁን የነበረው ሙሉ ሠንጠረዥ ማንበብ ነው፤ በዚህ ፓርኬ ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም በሰፊው። የአንድ ከተማ የአንድ ሳምንት ሽያጭ ብቻ ሲፈለግ ግን ጨዋታው ይገለበጣል። ሲኤስቪ የቱ መስመር የት እንዳለ ስለማያውቅ 520 ሜጋ ባይቱን ሁሉ ማንበብ አለበት። በከተማና በቀን ኢንዴክስ የተሠራለት ፖስትግሬስ ጥቂት ገጾችን ከፍቶ ይደርሳል። ፓርኬ መሐል ላይ ነው። ረድፎቹን በክፍል ከፍሎ የየክፍሉን ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ይመዘግባል፤ የማይፈለገውን ክፍል ይዘላል። ይህ የሚሠራው ግን ዳታው ከመጻፉ በፊት በቀን ከተደረደረ ብቻ ነው። ካልተደረደረ እያንዳንዱ ክፍል ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ይይዝና የሚዘለል ነገር ይጠፋል።

ኢንዴክስ እያለ ፖስትግሬስ ሙሉውን ሲያነብ ብታዩ ወዲያው ተሳሳተ አትበሉ፤ ከሠንጠረዡ ትልቅ ድርሻ ከተጠየቀ እያነጠሩ ከመልቀም በተርታ ማንበብ ይቀላል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ራንደም ፔጅ ኮስት የተባለው ቅንብር ከተለመደው 4 ወደ 1.1 ይውረድ፤ 4 የተመረጠው ለሚሽከረከር ዲስክ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም ፋይልን ወደ ዳታቤዝ ስታስገቡ፣ ነጠላ ኢንሰርትን አስወግዱ። አንድ ምልልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ 10 ሚሊዮኑ 10,000 ሰከንድ፣ ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው። ኮፒን ተጠቀሙ፣ ኢንዴክሱንም ከጫናችሁ በኋላ ሥሩ። ኤስኪውላይት ላይ ቢያንስ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስገቡ።

ሰዓቱን ከማመናችሁ በፊት

የረድፍ ብዛት፣ የብር ድምር፣ የየዓምዱ ባዶ ዋጋዎች ብዛት ከሦስቱም ምንጮች ይውጣና ይመሳከር። ባዶዎቹ ላይ ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ፖስትግሬስ ወደ ሲኤስቪ ሲያወጣ ናል የሆነውን እንዲሁ ባዶ፣ ባዶ ጽሑፍ የሆነውን ደግሞ በሁለት ጥቅስ ይለያል፤ ፓንዳስ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ለናል የተለየ ምልክት በኮፒው ላይ ስጡና እርሱን ብቻ ባዶ አድርጎ እንዲያነብ ለፓንዳስ ንገሩት። የብር ድምሩ ከነጥብ በኋላ በጣም ሩቅ ላይ ቢለያይ የፍሎት ጠባይ ነው፤ በብር ቤት ከተለያየ ግን የጎደለ ወይም የተደገመ ረድፍ አለ፣ የተለካውም ሰዓት አይያዝም።

ፋይሉ በየሌሊቱ ከዳታቤዝ የሚወጣ ከሆነ በመጨረሻ በሚጠራበት ስም በቀጥታ አይጻፍ። በሌላ ስም ተጽፎ ካለቀ በኋላ በዚያው ማህደር ስሙ ይቀየር። አለዚያ ጠዋት በፍጥነት የተነበበው ፋይል፣ ግማሹ ብቻ ተጽፎ የቀረው ሊሆን ይችላል።